ኬላ ላይ የቆሙ ሽማግሌዎች

ያ ሌባ ከእትዬ ሄስተር ቤት ቴሌቪዥን ብቻ ይዞ ሄዶ ቢሆን ኖሮ የፈርንሂል ሰፈር ስለ በርና ስለ አጥር ባላሰበ ነበር። በጆሃንስበርግ ቴሌቪዥን መሰረቅ ጉንፋን እንደ መያዝ ነው፤ ጎረቤት "አይዞሽ" ብሎ ያልፋል። ይኼኛው ሌባ ግን ቴሌቪዥኑን ትቶ ምድጃ ከፈተ። እጁ እንዳይቃጠል የእትዬ ሄስተርን ጓንት አጠለቀና ለእሑድ ምሳ የተጠበሰውን የበግ እግር ከነመጥበሻው ይዞ ወጣ።

እትዬ ሄስተር ባሏ የሞተባት፣ ልጆቿ አውስትራሊያ የገቡባት ሴት ናት። ማዕዘኑ ላይ ባለው ቤት ብቻዋን ትኖራለች። የዚያን ዕለት ጓዳ አልጋዋ ላይ ጋደም ብላ የምድጃው በር ሲከፈት ሰምታለች።

"ልነሳ ፈለግሁ፣ እግሬ እምቢ አለኝ" አለችን። "ድንቹን እንኳ እየመረጠ ሲወስድ እሰማ ነበር።"

ሰፈሩ በድንቹ ሳቀ። በእግሯ ግን ማንም አልሳቀም።

በሳምንቱ ስብሰባ ተጠራ። የጠራው ባሌ ዴቫን ነው። ዴቫን ዕድሜውን ሙሉ የከተማው አውቶቡስ ላይ ሠርቷል፤ መጀመሪያ ሾፌር፣ ኋላ ተቆጣጣሪ። ጡረታ ከወጣ ወዲህ ትኬት የሚጠይቀው ሰው ስላጣ የሚቆጣጠረው እኔን ነበር። "ሳሮጅ፣ ይኼ ሽንኩርት መቼ ነው የተገዛው? ሳሮጅ፣ ይኼ መብራት ለምን በራ?" ስለዚህ የሰፈሩ ኮሚቴ ሰብሳቢ ሆኖ ሲመረጥ ከማንም በላይ ደስ ያለኝ እኔ ነኝ።

በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ተሰበሰብን። ዴቫን ሥዕል ሰቅሎ አስረዳ። ወደ ፈርንሂል የሚያስገቡ ሦስት መንገዶች አሉ። ሁለቱ በአጥር ይዘጋሉ፣ ሦስተኛው ላይ ኬላ ይቆማል፤ ወደ ላይ የሚነሳ ማገጃ ብረት፣ አንዲት የጥበቃ ቤት፣ አንድ ዘበኛ። እግረኛ በጎን በኩል ባለች ትንሽ በር ያልፋል። እንግዳ ሲመጣ ዘበኛው ወደ ባለቤቱ ይደውላል፤ ባለቤቱ "ይግባ" ካለ ይገባል፣ ስልክ ካልተነሳ ይመለሳል። አንድ የጥበቃ ድርጅት ለአንድ ወር በነጻ ሊያሳየን ፈቅዷል። ከወሩ በኋላ ድምፅ እንሰጣለን፤ ከሰፈሩ ሦስት እጅ ሁለቱ ከፈለገ ኬላው ይጸናል።

ሲስተር ፉምዚሌ ክዋቤ ተነሳች። ከኛ ቤት ፊት ለፊት ነው የምትኖረው፤ ነርስ ሆና ኖራ ነው ጡረታ የወጣችው፤ ድምፅዋ ሲያስፈልግ ሦስት ክፍል የሞላ በሽተኛ ይቀሰቅሳል።

"ወጣት ነርስ ሳለሁ" አለች፣ "ይለፍ ወረቀት ካልያዝኩ ከሆስፒታሉ በር እስከ አውቶቡስ ፌርማታ መራመድ አልችልም ነበር። በዚህች አገር በየኬላው ስንት ዓመት ቆሜያለሁ። ዛሬ በስተርጅና ደግሞ ዴቫንን ላስፈቅድ?"

"አንቺ አይደለሽም የምታስፈቅጅው፣ እንግዳሽ ነው" አለ ዴቫን።

"እንግዳዬን የከለከለ እኔን ከለከለ።"

"ሌባ ሲገባብሽ ያኔ ትነግሪኛለሽ!"

"ሌባ ካንተ ይሻላል" አለች። "ቢያንስ ስም አይጠይቅም።"

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። የዴቫን ጆሮ ቀላ። ሃያ ምናምን ዓመት በጉርብትና "አንቺ" ሲላት የኖረውን ሴት ከዚያ ቀን ጀምሮ "እርስዎ" ማለት ጀመረ። "እንደምን አደሩ ሲስተር ፉምዚሌ።" እሷም እሱ ሲደውል ስልክ ማንሳት ተወች። ከድሮ ወዳጅ የሚመጣ "እርስዎ" ከስድብ ይከፋል።

ኬላው መጣ። ዴቫንም ቢጫ አንጸባራቂ ሰደርያ ገዛ።

የድርጅቱ ዘበኛ ቢኖርም ዴቫን ጠዋት ወጥቶ ማታ ነው የሚመለሰው። ዘበኛውን ይቆጣጠራል፣ ማገጃውን ይቆጣጠራል፣ መኪና ሲገባ የኋላ መብራቱ መሥራቱን ይቆጣጠራል። በሁለተኛው ሳምንት እህቴ ካማላ አንድ ድስት ቢርያኒ፣ በሥጋና በቅመም የተሠራ ሩዝ፣ አቅፋ ከሌኔዥያ መጣች። እኔ ገላዬን እየታጠብኩ ስለነበር ስልኩን አልሰማሁም። ዴቫን መለሳት።

"እህቴን?" አልኩት።

"ሕግ እህት አያውቅም።"

"ቢርያኒስ?"

"ቢርያኒም አያውቅም" አለ፤ ይህን ሲል ግን ድምፁ ትንሽ ሰለለ። የዚያን ቀን ራቱ ዳቦ በአቮካዶ ሆነ፤ ካማላም ሰላምታዋን በሰው መላክ ጀመረች።

እውነቱን ለመናገር ግን እትዬ ሄስተር ፊቷ ተመለሰ። በየጠዋቱ ለዴቫን ብስኩት ታመጣለታለች። "ባሌ ከሞተ ወዲህ እንዲህ ተኝቼ አላውቅም" ትለኛለች። ይህን ስሰማ በዴቫን መሳቅ ይከብደኛል።

የሙከራው ወር ሊያልቅ ሲል አንድ የሐምሌ ቅዳሜ ደረሰ። ሐምሌ እኛ አገር የደረቅ ብርድ ወር ነው፤ ሣሩ በአመዳይ ነጥቶ ያድራል፣ ሰው ሲተነፍስ እንደ ባቡር ይጨሳል። ዘበኛው አሞኛል ብሎ ቀረ። ዴቫን የልቡ ደረሰለት፤ ሰደርያውን ከሹራብ ላይ ደርቦ ኬላውን ብቻውን ያዘ።

መጀመሪያ የሆነውን እኔ አላየሁም፤ ኋላ ከእንግዶቹ አንዱ፣ አጎት ማዶዳ፣ በየድግሱ ሲያወሩት ነው የሰማሁት።

ፀሐይ ገና ብቅ ስትል አንድ አሮጌ መርሴዲስ መጥቶ ኬላው ፊት ቆመ። ሙሉ ልብስ የለበሱ፣ ባርኔጣ ያደረጉ ሦስት ሽማግሌዎች ወረዱ። የወንዱ ወገኖች ናቸው፤ የምቲያኔ ቤተሰብ፣ ከኤሾዌ ሌሊቱን ሲነዱ ያደሩ። የሲስተር ፉምዚሌን ልጅ ሎንዲዌን ሊለምኑ ነው የመጡት። በዙሉ ወግ ሽማግሌ በር አያንኳኳም፤ ደጅ ቆሞ የልጅቱን ዘር እያወደሰ ይጣራል። የልጅቱም ቤተሰብ ቶሎ አይከፍትም፤ ቶሎ የከፈተ ልጁን አረከሰ። ሽማግሌዎቹ ይህን ያውቃሉ። የማያውቁት የከተማ ሰው በሩን ከቤቱ ስንት እርምጃ አርቆ እንደሚያቆም ነው። በር አዩ፣ ቆሙ።

የሦስቱ መሪ አጎት ማዶዳ ዱላቸውን ተክለው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ክዋቤ! ጉሜዴ! እናንተ የታላላቆች ልጆች! መልካም ዝምድና ልንለምን ደጃችሁ ቆመናል!"

ዴቫን ከጥበቃ ቤቷ ወጣ።

"እንደምን አደራችሁ። በዚህ ሰፈር መጮህ ክልክል ነው። ማን ጋ ነው የመጣችሁት?"

"እኛ መንገደኞች ነን" አሉ አጎት ማዶዳ። "በዚህ ግቢ ያማረች አበባ አለች ሲባል ሰምተን ነው።"

"አበባ መሸጫው ዋናው መንገድ ላይ ነው። ወደ ኋላ ተመለሱ፣ ከነዳጅ ማደያው ቀጥሎ።"

ሦስቱ ተያዩና ፈገግ አሉ። ነገር አዋቂ ሰው ነው ያቆሙብን አሉ በልባቸው።

"እኛ የምንፈልጋት አበባ አትሸጥም ጌታዬ፤ የምትገኘው በልመና ነው።"

"ልመናም ክልክል ነው" አለ ዴቫን።

ከሦስቱ አንዱ ሳቁ እንዳያመልጠው ባርኔጣውን አፉ ላይ አደረገ። አጎት ማዶዳ ንግግር ለማስጀመር በወጉ የሚሰጠውን አንድ ጠርሙስ ብራንዲ ከመኪናው አወጡ።

"ገባን፣ ገባን። ይኸው፣ ለአፍ መክፈቻ።"

"አፌ ክፍት ነው" አለ ዴቫን። "ደግሞ ጉቦ አልቀበልም።"

እንዲህ ያለ ጠንካራ በረኛ በዘመናቸው አይተው አያውቁም። ለልጅቱ ታላላቆች የታሰበ ወፍራም ብርድ ልብስ ነበር፤ እሱን አወጡ። ዴቫን እየተንቀጠቀጠ ነው። አጎት ማዶዳ ምንም ሳይሉ ትከሻው ላይ ጣል አደረጉለት። ዴቫንም ለብራንዲው የመለሰውን መልስ ለመመለስ አፉን ሲከፍት ሙቀቱ ደረሰበትና አፉን ዘጋ።

"የቤት ቁጥር?" አለ ዝግ ብሎ።

"ስምንት ነው ብለውናል።"

"ሲስተር ፉምዚሌ!" አለና ስልኩን አወጣ። ደወለ፣ ደወለ፣ ደወለ። እሷ ደግሞ የሱን ስልክ እንደማታነሳ ነግሬያችኋለሁ። "አያነሱም።"

"አዎ፣ ገና ነው" አሉ አጎት ማዶዳ።

"ካላነሱ አትገቡም።"

"ትክክል!"

"ቀኑን ሙሉ ቢሆንም።"

"በጣም ትክክል! ዱሮም እንዲህ ነበር።"

ዴቫን ግራ ተጋባ። በሥራ ዘመኑ ከአውቶቡስ ያወረደው ሰው ሁሉ ሰድቦታል እንጂ "ትክክል" ብሎት አያውቅም። ሽማግሌዎቹን ወደዳቸው። ከቴርሞሱ ሻይ ቀዳላቸው። ሻዩን ሳይጨርሱ መብራት ጠፋ፤ ፈረቃችን ነበር።

እኔ ቁርስ ይዤለት ስመጣ ያየሁትን ልንገራችሁ። ባሌ ከሰደርያው ላይ ባለ ነብር ብርድ ልብስ ተከናንቦ ቆሟል። ሦስት ሽማግሌዎች ከማገጃው ባሻገር ተሰልፈዋል። ከኋላቸው ስምንት ዘጠኝ መኪና ጡሩንባውን ይነፋል። ከውስጥ በኩልም መኪናው ተደርድሯል፤ ፊተኛዋ የእትዬ ሄስተር ትንሽ መኪና ናት፤ ለቤተ ክርስቲያን ባዛር የጋገረችው ኬክ የፊት ወንበር ላይ ቀበቶ ታስሮለት ተቀምጧል። ማገጃው ያለ መብራት አይነሳም። በእጅ የሚያነሳው ቁልፍ ያለው የድርጅቱ ሰው ኪስ ውስጥ ነው። ሰውየው በስልክ "እየደረስኩ ነው" ብሏል፤ ይህ ማለት በኛ ከተማ ገና ካልሲውን እየፈለገ ነው ማለት ነው።

ባርኔጣዎቹን አየሁ፣ ዱላውን አየሁ፣ የጠርሙሱን አንገት አየሁ። ገባኝ።

"ዴቫን" አልኩት በጆሮው፣ "እነዚህ ሽማግሌዎች ናቸው።"

"ሽማግሌ መሆናቸውን እኔም አያለሁ። ሽበት መታወቂያ አይሆንም።"

"ሎንዲዌን ሊለምኑ የመጡ ሽማግሌዎች ናቸው ነው የምልህ!"

ፊቱ ከል መሰለ።

"ይኼን ብርድ ልብስ ማን ሰጠህ?"

"እነሱ።"

"ተቀበልክ?"

"በርዶኝ ነበር" አለ እንደ ሕፃን።

ወደ ስምንት ቁጥር ሮጥኩ። ሳሎኑ በወንበር ተሞልቷል፣ ጋዝ ምድጃው ላይ ጨጓራ ይንተከተካል፣ ሎንዲዌ መኝታ ቤት ተደብቃ ታለቅሳለች። በአባት ቦታ የሚቆመው የሲስተር ፉምዚሌ ወንድም ቤኪ ከገጠር መጥቷል፤ ከረባቱን አውልቆ በእጁ እየጠቀለለ ይንጎራደዳል።

"ፀሐይ ወጣች እኮ! ሽማግሌ ጎህ ሲቀድ ነው የሚመጣው! ንቀውናል! እነዚህ ሰዎች ንቀውናል!"

"አልናቋችሁም፣ ኬላ ላይ ናቸው" አልኩ። "ዴቫን አቁሟቸዋል።"

ሲስተር ፉምዚሌ ማማሰያውን አስቀመጠች። ስትናደድ ድምፅዋ ይወርዳል፤ የዚያን ጊዜ ነው የሚያስፈራው።

"ዴቫን።"

"ደውሎልሽ ነበር።"

"ዴቫን የልጄን ሽማግሌዎች።"

"ብርድ ልብሱንም ለብሶታል" አልኩ። አንዴ ከጀመርኩ ልጨርሰው ብዬ ነው።

ሽርጧን ሳትፈታ ወጣች፤ ቤኪ ከኋላዋ። ኬላው ጋ ስንደርስ ዴቫን አንድ ነገር ሊላት አፉን ከፈተ፤ እጇን ብቻ አነሳችበት፤ ዘጋ። ቤኪና አጎት ማዶዳ በማገጃው ላይ እጃቸውን አሻግረው ሰላምታ ተሰጣጡ። ከዚያ ችግሩ መጣ። ቤኪ በጎን ያለችውን የእግረኛ በር አሳያቸው።

አጎት ማዶዳ በሯን ከላይ እስከ ታች አዩአት። ለፍየል የምትሆን በር ናት።

"የሰው ልጅ ልለምን መጥቼ ጎንበስ ብዬ በሽራፊ በር ብገባ አባቶቼ ምን ይሉኛል?"

"እውነትዎን ነው" አለ ቤኪ። "እኔም ሽማግሌ በጎን አላስገባም።"

ሁለቱ ወገኖች የመጀመሪያውን ስምምነት የተስማሙት በዚህ ነው። ሽማግሌዎቹ በዋናው በር እንጂ በሌላ አይገቡም፤ ዋናው በር ደግሞ አይከፈትም።

እትዬ ሄስተር ከመኪናዋ ወጣች።

"ምንድን ነው የምንጠብቀው?"

"ልመና ነው። ሎንዲዌ ልትዳር ነው" አልኳት።

"ያቺ ትንሿ ሎንዲዌ? ታዲያ ሰው ለእንዲህ ያለ ነገር ቆሞ ይነጋገራል እንዴ? ወንበር አምጡ እንጂ!"

ጋራዧ ውስጥ የቤተ ክርስቲያኑ ታጣፊ ወንበርና ጠረጴዛ ነበር። ጡሩንባ ሲነፉ የነበሩት ወጣቶች ተሸክመው አመጡ። ጠረጴዛው ከማገጃው ሥር ገባ፤ ግማሹ ውስጥ፣ ግማሹ ውጭ። ሲስተር ፉምዚሌ ሻይ አስመጣች፣ እኔ ሳምቡሳ አመጣሁ፣ እትዬ ሄስተር ኬኳን ትንሽ አየት አድርጋ "ባዛሩ ይቅር" አለችና ቆረሰችው። ፀሐይም ሞቅ ስትል ሽማግሌዎቹ ኮታቸውንና ባርኔጣቸውን አውልቀው ማገጃው ላይ ሰቀሉ፤ እትዬ ሄስተርም የእጅ ቦርሳዋን አንጠለጠለች።

ክርክሩ ተጀመረ። በዘመኑ ብዙ ሰው ጥሎሹን በገንዘብ ይጨርሳል። የምቲያኔ ሰዎች ግን ከብት ማለት ከብት ነው ባዮች ናቸው፣ ቤኪም ገጠር የግጦሽ መሬት አለው። አጎት ማዶዳ ስለ ድርቁ ተናገሩ፣ ስለ ሣሩ ተናገሩ፣ ስለ መዥገሩ ተናገሩ። ቤኪ ልቡ ቅቤ ነው፤ መዥገሩ ጋ ሲደርሱ ዓይኑ እንባ አቀረረ፣ አንዲት ላም ሊቀንስላቸው አፉን ከፈተ።

"ቆይ" አሉ አጎት ማዶዳ ራሳቸው፣ ወግ አዋቂ ናቸውና። "ያ ሰው ብርድ ልብሳችንን ተቀብሏል። የተቀበለ ሰው የቤቱ ሰው ነው። ሳይናገር አንጨርስም።"

ሁሉም ወደ ዴቫን ዞረ። ከጥበቃ ቤቷ በስተኋላ ተደብቆ ነበር።

"እኔ እንኳ…" አለ። ሲስተር ፉምዚሌን አየ። እሷ ሌላ ቦታ አየች። ብርድ ልብሱን አስተካክሎ ወደ ጠረጴዛው መጣ።

"አባቴ፣ ስለ መዥገር አላውቅም" አለ። "የማውቀውን ልንገርዎ። ይቺ ልጅ ልትወለድ ስትል እናቷ አውቶቡስ ላይ ነበረች፤ ሾፌሩ እኔ ነኝ። ዝናብ ነበር፣ አምቡላንስ አልነበረም። አውቶቡሱን ከነተሳፋሪው ከመሥመሩ አውጥቼ ሆስፒታል በር ላይ አቆምኩት። ያኔ ጎረቤቴም አልነበረችም፣ ስሟንም አላውቅ። በሥራ ዘመኔ ከመሥመር የወጣሁት የዚያን ቀን ብቻ ነው። ከደመወዜ ቆርጠው ቀጥተውኛል፤ አልጸጸተኝም። እና ለዚህች ልጅ አንድ ላም ትቀነስ ይሉኛል?"

"ዴቫን፣ በቃህ" አለች ሲስተር ፉምዚሌ። ሽርጧን ዓይኗ ላይ ይዛዋለች።

"ዝም በዪ አንቺ! ገና አልጨረስኩም! ይቺ ልጅ በዩኒቨርሲቲ…"

ሲስተር ፉምዚሌ በክርኗ ጎሸመችኝ። "'አንቺ' አለኝ እኮ" አለች በሹክሹክታ።

እሱ ስለ ዩኒቨርሲቲው ተናገረ፣ ስለ ጥርሷ ተናገረ፣ ለጎረቤት ሁሉ ሰላምታ እንደማትነፍግ ተናገረ። ከውጭ በኩል የጋዝ ሲሊንደር የጫነ የማያውቀን ሰው ጭምር "ልክ ነው! እንዳትቀንሱ!" ብሎ ጮኸ። አጎት ማዶዳ እጃቸውን አነሱ።

"ይበቃል። እንዲህ ያለ በረኛ ያለው ቤት ላም አይቀነስበትም። ላሟ ትመጣለች።"

እጅ ሊጨባበጡ ብድግ ሲሉ መብራት መጣ። ማገጃው አንዴ ተንዘፈዘፈና ሦስት ኮት፣ ሦስት ባርኔጣና የእትዬ ሄስተርን ቦርሳ ይዞ ሽቅብ ተነሳ። ሁላችንም አፋችንን ከፍተን ወደ ሰማይ አየን። ባርኔጣዎቹ አንድ በአንድ ተንሸራተው ወረዱ፤ አንዱ ኬኩ ላይ አረፈ። ቦርሳው ጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ።

"ተከፈተ!" አሉ አጎት ማዶዳ።

ሲስተር ፉምዚሌ እልልታዋን ለቀቀችው። ሽማግሌዎቹ በዋናው በር፣ በመካከሉ፣ ደረታቸውን ነፍተው ገቡ። ከኋላቸው የተሰለፈው መኪና ሁሉ፣ ቅድም በንዴት ሲነፋው የነበረውን ጡሩንባ በደስታ እየነፋ ተከተለ። የጋዙም ሰውዬ ስምንት ቁጥር ገብቶ ጨጓራ በላ። ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አናውቅም።

ድምፅ የምንሰጠው ረቡዕ ነበር። ሰው ሁሉ ዴቫን ሐሳቡን ለውጧል ብሎ ጠብቋል። እሱ ግን ሰደርያውን አጥቦ ለብሶ ቆመ።

"ቅዳሜ ደስ ብሎኛል" አለ። "ዕድሜዬን ሁሉ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ግን ቅዳሜ የመጡት ሽማግሌዎች ናቸው። ሁልጊዜ ሽማግሌ አይመጣም። እኔ ዛሬም በሩን እፈልጋለሁ።"

እትዬ ሄስተር ተነስታ "እኔም" አለች። "በሠርጉ ደስ ይበለን። ግን ኬክ ሲያልቅ ሁላችሁም ቤታችሁ ትገባላችሁ፤ እኔም ብቻዬን ቤቴ እገባለሁ።"

 ሲስተር ፉምዚሌ ለመልስ ትነሳለች ብዬ ነበር፤ እንደ ተቀመጠች ወደ ወለሉ ተመለከተች።

"ኬላው ይጽና የምትሉ እጅ!" አለ ዴቫን። የሱ እጅ መጀመሪያ ወጣ። የእትዬ ሄስተር፣ የሌሎችም ብዙ እጅ ወጣ። "አይሁን የምትሉ!"

እጄን አነሳሁ።

ዴቫን ያለ ትኬት የተሳፈርኩ ይመስል አየኝ። ቆጠረ፤ ደግሞ ቆጠረ። ለሦስት እጅ ሁለቱ ጥቂት ሰው ጎደለ። ኬላው ወደቀ።

ወደ ቤት ስንመለስ ዝም፤ በማግስቱም ዝም። "ጨው" እና "በር ዝጊ" ብቻ ነበር ቋንቋችን። ዓርብ ማታ ሳህኑን ገፋ አደረገና፣

"የራሴ ሚስት" አለ። "ለምን?"

"በዚህ ወር ውስጥ" አልኩት፣ "ሳልጠብቀው በሬን ያንኳኳ ሰው አልነበረም። አንድም። ስልክ ይደወላል፣ 'ይግባ' እላለሁ፣ ይገባል። ካማላ እንደሆነች ቀርታለች። ቤቱ ፀጥ ሲል እኔ ደግሞ እፈራለሁ ዴቫን። እትዬ ሄስተር ሰው ይመጣል ብላ ትፈራለች፤ እኔ አይመጣም ብዬ።"

 ሳህኑን ወደ ራሱ ሳበ። በማግስቱ ሳይነግረኝ ሌኔዥያ ሄዶ ካማላን ይቅርታ ጠየቀ። እሷም ይቅር ያለችው ድስቱን እስከ መኪናው እንዲሸከምላት አድርጋ ነው።

ድርጅቱ መጥቶ ማገጃውን ነቅሎ ወሰደ፤ አስፋልቱ ላይ ሁለት ጉድጓድ ቀረ። ሌባውን ማንም አልያዘውም። እትዬ ሄስተር እኛን ጎረቤቶቿን ለሁለት ሳምንት ኮነነችን፣ መብቷም ነበር። በኋላ ሲስተር ፉምዚሌ፣ ልጇ ስታገባ ቤቱ ባዶ እንደሚሆንባት ታውቃለችና፣ አንድ ማታ ሄዳ "ነይ እኔ ጋ እደሪ፣ ሁለት አሮጊት ሆነን እንፍራ" አለቻት። እትዬ ሄስተር ትራስዋን ይዛ ሄደች። ፍራሹ ይጠነክራል፣ ሲስተር ፉምዚሌ ታንኮራፋለች፣ ሾርባው ቃሪያ ይበዛዋል ትላለች፤ ግን ብዙውን ማታ እዚያው ናት። ስለ በሩ ስንጠይቃት ዛሬም "ቢኖር ይሻል ነበር" ነው መልሷ።

የጸደዩ መጀመሪያ ላይ ሲስተር ፉምዚሌ የኛን በር አንኳኳች። ዴቫን ሶፋው ላይ የቆየ ጋዜጣ ያነባል። ከኬላው ወዲህ ትከሻው ትንሽ ወርዶ ነበር።

"ዴቫን፣ ተነስ" አለችው። "ከብቶቹ ለቤኪ ሊሰጡ ነው። አጎት ማዶዳ ያ በረኛ ካልመጣ አላስረክብም ብለዋል።"

"እኔ ስለ ከብት ምን አውቃለሁ?"

"አንዷ ላም ከስታለች ይላል ቤኪ። ደፍሮ መናገር አቅቶታል።"

ዴቫን ጋዜጣውን አጠፈ።

"የቷ?"

"ያቺ አንቀንስም ያልካት ሳትሆን አትቀርም።"

"ሳሮጅ! ጫማዬ የታለ?"

በሲስተር ፉምዚሌ መኪና ወደ ኤሾዌ ወረድን፤ እኔና እትዬ ሄስተር ከኋላ። ዴቫን ከፊት ተቀምጦ መንገዱን ሙሉ መስመርሽን ያዢ፣ ፍጥነትሽን ቀንሺ ሲላት ነው የደረስነው። ሲስተር ፉምዚሌም ሁለት ጊዜ መኪናውን አቁማ "ትወርዳለህ ወይስ ዝም ትላለህ?" ብላዋለች። እዚያ ስንደርስ ዴቫን እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ በረቱን ዞረ። እያንዳንዷን ላም ቀንዷንና እግሯን አየ፣ የከሳችው ፊት ሲደርስ ቆመ።

"ይቺ አትገባም" አለ።

አጎት ማዶዳ ሽንጣቸውን ይዘው ሳቁ፣ ላሟን አስመለሱ፣ ወፍራም ላም አስመጡ።